ገቺ ነርቭ ሴሎች በኮርቴክስ ውስጥ መልእክት የሚቀበሉበት አኳኋን

በአይጥ ኮርቴክስ፣ ማለትም በአንጎል ቅርፊት ውስጥ፣ ጋባ የተባለውን ኬሚካል የሚለቁት ገቺ ሴሎች ከአምስት ነርቭ ሴሎች አንድ ቢሆኑ ነው። በሚያመርቱት ሞለኪውል ሲለዩ ዋና ዋናዎቹ ወገኖች ሦስት ናቸው፤ የፓርቫልቡሚን፣ የሶማቶስታቲን እና የቪአይፒ ሴሎች። ሌሎቹን እዚህ አላነሳም። እነዚህ ሴሎች ማንን እንደሚገቱ ብዙ ተጽፏል፤ እነሱን ራሳቸውን ማን እንደሚቀሰቅሳቸውና በምን አኳኋን እንደሚቀሰቅሳቸው ግን ያን ያህል አልተባለም።

ላኪዎቹን ለማወቅ ከዋሉት ዘዴዎች አንዱ የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ ከተቀባዩ ሴል ወደ ላኪው፣ ወደ ኋላ ይጓዛል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የቀረበው የተሻሻለ ዝርያ ደግሞ አንድ ሲናፕስ፣ ማለትም አንድ የነርቭ ሴሎች መገናኛ፣ ተሻግሮ ይቆማል። የጺም ስሜት በሚደርስበት የአይጥ ኮርቴክስ ክፍል ይኸው ዘዴ ሲሞከር፣ ወደ ሦስቱም ወገኖች የሚልኩት የአንጎል ክፍሎች በአብዛኛው ያው ሆነው ተገኙ፤ ልዩነቱ የመጠን ነበር። ቫይረሱ ግን ግንኙነት መኖሩን እንጂ ጉልበቱን አይናገርም። በእኔ ግምት ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 ተመራማሪው በርት ሳክማን የተሳተፈበት ጥናት ነገሩን በቅርብ አሳይቷል። በኮርቴክስ ቁራጭ ላይ የአንድ ፒራሚዳል ሴል፣ ማለትም የአንድ ቀስቃሽ ሴል፣ እና ቅርጻቸው የተለያየ ገቺ ጎረቤቶቹ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በቀጫጭን የመስታወት ኤሌክትሮዶች ተመዘገበ። ፒራሚዳሉ ተከታታይ ምት ሲልክ፣ በአንደኛው ጎረቤት ላይ የመጀመሪያው ምላሽ ጎልቶ ቀጣዮቹ እየደከሙ ሄዱ። በሌላው ላይ የመጀመሪያው ከቁጥር የሚገባ አልነበረም፤ ተከታዮቹ ግን እየበረቱ መጡ። ላኪው ያው፣ ምቱም ያው ነበር።

እየደከመ የሚሄደው ምላሽ የፓርቫልቡሚን፣ እየበረታ የሚመጣው የሶማቶስታቲን ሴሎች መለያ ሆኗል። ሂፖካምፐስ በተባለው የአንጎል ክፍል የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 ለመበርታቱ አንድ ምክንያት አገኘ። ኤልፍን1 የተባለው ፕሮቲን የሚገኘው በተቀባዩ፣ በሶማቶስታቲን ሴል፣ በኩል ነው፤ ሆኖም ሲናፕሱን ተሻግሮ የላኪው ጫፍ በመጀመሪያው ምት ቁጥብ እንዲሆን ያደርገዋል። መልእክቱ እንዴት እንደሚነገረው የሚወስነው ሰሚው ነው ማለት ይቻላል።

ውጤቱ ቀላል አይደለም። ስሜትን ወደ ኮርቴክስ ከሚያስተላልፈው ከታላመስ የሚመጣ ምት የፓርቫልቡሚን ሴሎችን ወዲያው ስለሚያስነሳ፣ ፒራሚዳሎቹ ሳይገቱ ምላሽ መስጠት የሚችሉት በጥቂት ሚሊሰከንዶች ውስጥ ነው። የሶማቶስታቲን ሴሎች በአንጻሩ ጎረቤቶቻቸው ደጋግመው ሲተኩሱ ወይም ብዙ ሆነው አብረው ሲነሱ ይቀሰቀሳሉ።

ሌላው ጥያቄ ገቺዎቹን ማን ይገታቸዋል የሚለው ነው። በአይጥ የእይታ ኮርቴክስ የፓርቫልቡሚን ሴሎች እርስ በርሳቸው ይገታታሉ፤ የሶማቶስታቲን ሴሎች ሌላውን ሁሉ ገትተው እርስ በርሳቸው ግን እምብዛም አይነካኩም። የቪአይፒ ሴሎች በዋናነት የሚያነጣጥሩት በሶማቶስታቲን ሴሎች ላይ ነው። አይጥ ስትሮጥ አሲቲልኮሊን የተባለው ኬሚካል የቪአይፒ ሴሎችን እንደሚያነቃ እ.ኤ.አ. በ2014 ከታየ በኋላ፣ ሩጫ የሶማቶስታቲን ሴሎችን ዝም ያሰኛል የሚለው ማብራሪያ ተስፋፋ። ማብራሪያው ያምራል፤ ግን ይጎድለዋል። ኋላ በተደረጉ ልኬቶች የሶማቶስታቲን ሴሎች በጨለማና የሚታይ ነገር ባለበት የተለያየ ምላሽ ሰጡ፤ ምስል እየታየ በሩጫ ጊዜ እንቅስቃሴያቸው ሲጨምርም ታየ። ይህ ከላይ ካልነው ጋር አይጋጭም፤ በዙሪያቸው ያሉት ፒራሚዳሎች ተደጋጋሚ ምት ሲልኩ የሚደርሳቸው ቅስቀሳ እየበረታ ስለሚሄድ የቪአይፒ ሴሎችን ገቺ ተጽዕኖ ሊያሸንፍ ይችላል።