ማስጠንቀቂያው ለማን ነው?

አክስቴን ጉንፋን ያዛትና ክኒን ገዝታ ዋጠች። ማታ ቀኝ ዓይኗ ቀላ፣ ግንባሯን ይወጋት ጀመር፣ አስመለሳት። «አምፖሉ ዙሪያ ቀስተ ደመና አለ» ስትል የምትቀልድ መስሎን ሳቅን። የሄድንበት ክሊኒክም «ጨጓራ ነው» ብሎ መለሰን። በማግስቱ የዓይን ሐኪም ሲለካት ግፊቱ 52 ደርሷል። የጤነኛ ዓይን ከ10 እስከ 21 ነው።

እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። ሲስተም ሲወድቅ ሎጉን ወደ ኋላ ካላነበብኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። የዚህኛውንም አነበብኩ።

ቤላዶና የምትባል ተክል አለች፤ ስሟ በጣልያንኛ «ቆንጆ ሴት» ማለት ነው። ድሮ ሴቶች ጭማቂዋን ዓይናቸው ውስጥ ጠብ ያደርጉ ነበር ይባላል፤ ብሌን ያሰፋላ! በውስጧ ያለው አትሮፒን በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተለይቶ ወጣ። የኛው አስተናግርም ይሄው ነገር አለበት።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ዓይን ውስጥ የሚመነጨው ፈሳሽ የሚወጣው በአይሪስ፣ ማለትም በባለቀለሙ ክፍል ጠርዝ፣ ባለ ማዕዘን በኩል ነው። አንዳንድ ሰው ማዕዘኑ ከተፈጥሮ ጠባብ ነው። ብሌኑ ሲሰፋ አይሪሱ ይሰበሰብና መውጫውን ይደፍነዋል። ግፊቱ በሰዓታት ውስጥ ያሻቅባል፤ ነርቩ ይጎዳል። ብዙ የጉንፋንና የአለርጂ መድኃኒቶችም ብሌን ያሰፋሉ።

በ1857 የበርሊኑ አልብሬክት ፎን ግሬፈ ከአይሪሱ ቁራጭ ቆርጦ በማውጣት ግፊቱን ማውረድ እንደሚቻል አሳየ። በ1876 ደግሞ ሉድቪግ ላኰር ከካላባር ባቄላ የተገኘ መድኃኒት ለግላኮማ ተጠቀመ። ይህ ባቄላ በዛሬዋ ናይጄሪያ ተጠርጣሪን እየመገቡ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን የሚፈትኑበት መርዝ ነበር። ብሌን ያጠባል። ላኰር ራሱም የግላኮማ ታማሚ ነበር።

ታሪኩ እዚያ አላበቃም። በ2001 ቶፒራሜት የተባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ላይ አዲስ ማስጠንቀቂያ ወጣ። እሱ ብሌን ማስፋት አያስፈልገውም፤ ከአይሪስ ጀርባ ያለውን ክፍል አሳብጦ ወደ ፊት ይገፋዋል። ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ዓይን፣ በመጀመሪያው ወር ውስጥ ይይዛል። እዚህ የግሬፈ ቀዳዳ አያድንም፤ ሐኪም መድኃኒቱን ማስቆም አለበት።

የአክስቴን ክኒን ወረቀት ሳነበው «ግላኮማ ካለብዎ ሐኪም ያማክሩ» ይላል። ግን አክስቴ ግላኮማ አለብኝ ብላ አታውቅማ! ማዕዘኗ ጠባብ እንደሆነ የነገራት ሰው የለም። ታውቆለት ቀዳዳ የተሠራለት ሰው ከዚህ ዓይነቱ መደፈን በአብዛኛው ተጠብቋል። አደጋው ያለው ማስጠንቀቂያውን አንብቦ «እኔን አይመለከትም» ብሎ በሚያልፈው ላይ ነው። እኛ ቤት እንዲህ ዓይነቱን መልእክት ለተሳሳተ ሰው የተላከ እንለዋለን።

ዛሬ የአክስቴ ሁለቱም ዓይኖች በሌዘር የተበሳ ቀዳዳ አላቸው። ግራው ደህና ነው። ቀኙ ግን ዳር ዳሩን አያይም፤ ቡና ስትቀዳ ሲኒውን በእጇ ዳብሳ ነው የምታገኘው።

አዲስ መድኃኒት ጀምራችሁ ዓይናችሁ ቢቀላና ቢያማችሁ፣ እይታችሁ ቢደበዝዝ፣ አምፖል ዙሪያ ቀስተ ደመና ብታዩ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። የመድኃኒቱን ካርቶን ይዛችሁ ወደ ዓይን ሐኪም ሂዱ። ቀስተ ደመና አየሁ የሚል ሰው ላይም አትሳቁ።