የማኅበራዊ መረቦች ተናባቢነት

የማኅበራዊ መረቦች ተናባቢነት በተለያዩ ኩባንያዎች የሚተዳደሩ መረቦች መልእክትና መረጃ እርስ በርስ የሚለዋወጡበት አሠራር ነው። ተጠቃሚው የራሱን ጽሑፍ፣ ፎቶና ሌላ መረጃ ይዞ ወደ ሌላ መረብ ሲዛወር ደግሞ የዳታ ተንቀሳቃሽነት ይባላል።

አሠራሩ

ተናባቢነት የሚቆመው ለሁሉም ክፍት በሆነ የጋራ ደረጃ ላይ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተር ፊደላት ደረጃ ከመካተቱ በፊት በአንድ ሶፍትዌር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት ይበላሽ ነበር፤ ችግሩን የፈታው የጋራ ደረጃው ነው። ለማኅበራዊ መረቦችም አክቲቪቲፐብ የተባለው ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ2018 ጸደቀ። ማስቶዶን የተባለው ማኅበራዊ መረብ ስለሚጠቀምበት በአንድ ሰርቨር የተመዘገበ ሰው የሌላውን ሰርቨር አባል ይከተላል፣ መልስም ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል ገበያዎች ሕግ ዋትስአፕና ሜሴንጀር ከሌሎች የመልእክት አገልግሎቶች ጥያቄ ሲቀርብላቸው እንዲናበቡ ያስገድዳል።

በኢትዮጵያ

በአገሪቱ ቅርቡ ምሳሌ ስልክ ነው። ሳፋሪኮም መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በይፋ ሲጀምር በ07 የሚጀምረው ቁጥሩ ከኢትዮ ቴሌኮም 09 ጋር ይደዋወል ነበር። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ኦፕሬተሮች መረባቸውን እንዲያገናኙ ይጠይቃል። የተለያዩ ባንኮችም ኢትስዊች በተባለው የጋራ የክፍያ መረብ በኩል ይናበባሉ።

ቴሌግራምና ፌስቡክ ግን አይናበቡም። ጉዳቱ በአዳማና በሌሎች የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የዕለት ንግድ ላይ ይታያል። የባቱን ሽንኩርት ዋጋ በቴሌግራም ቻናሉ የለጠፈ ነጋዴ የፌስቡክ ደንበኞቹ እንዲያዩለት እንደገና መለጠፍ አለበት። ቴሌግራም በኮምፒውተር የውይይት ታሪክን ለማውረድ ቢፈቅድም የቻናል ተከታዮችን ወደ ሌላ መረብ ማዛወር አይቻልም። ስለዚህ መረቡን የለቀቀ ነጋዴ ለዓመታት ያፈራውን ደንበኛ ትቶ ይሄዳል፤ ባይመቸውም እንኳ እዚያው ለመቆየት ይገደዳል።

ሕግና ገደብ

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የዳታ ተንቀሳቃሽነትን ከዜጎች መብት ጋር ደምሯል። ይህ ትልቅ እርምጃ ቢሆንም መብቱ በተግባር እንዲውል መረጃውን ተቀብሎ የሚያነብ ሌላ መረብ ያስፈልጋል። ጥንቃቄም ይሻል። የወዳጆች ዝርዝርና የደንበኞች ስልክ ቁጥር የሌሎች ሰዎችም መረጃ ነው፤ ያለ ፈቃዳቸው ሊዛወር አይገባም። ምስጢራዊነታቸው በቁልፍ የተጠበቀ መልእክቶችም ከመረብ ወደ መረብ ሲያልፉ ጥበቃቸው መጓደል የለበትም።