የጎታ መሳፍንትና ኢትዮጵያ

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀርመን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ገዥ ቤት የነበራቸው የበርካታ ትንንሽ ግዛቶች ስብስብ ስትሆን፣ ከነዚህም አንዷ በቱሪንጊያ ምድር የምትገኘው ሳክስ-ጎታ ነበረች። በ1640 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ግዛቲቱን የተረከበው መስፍን ኤርንስት ቀዳማዊ፣ የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ያራቆተውን አገሩን ለማቅናት ሲነሣ የልጆችን ትምህርት ግዴታ የሚያደርግ ደንብ በ1642 አወጣ፣ ፍሪደንሽታይን የተባለውን ግንብም አሠራ፤ ለሃይማኖት በነበረው ትጋትም «መንፈሳዊው» ተብሎ ይጠራ ነበር።

በ1652 ወደዚህ ግንብ በእንግድነት የተጠሩት አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። አማራ ውስጥ የመካነ ሥላሴ ተወላጅ የሆኑት እኚህ መነኩሴ፣ ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያን የሚባሉትን የካቶሊክ ሚስዮናውያን ካስወጡ በኋላ ተሰደው ሮም ደረሱ፤ በቫቲካን በነበረው የሐበሾች ማረፊያ በቅዱስ እስጢፋኖስ ሲኖሩም በ1649 ኢዮብ ሉዶልፍ ከሚባል የኤርፉርት ወጣት ጋር ተዋወቁ። ሉዶልፍ በጎታ ቤተ መንግሥት ሥራ ሲይዝ መስፍኑ መነኩሴውን አስጠራቸው፤ ዓላማው ሮምን የማትታዘዘው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እምነት ከሉተር ትምህርት ምን ያህል እንደሚቀራረብ ከራሷ ልጅ አንደበት መስማት ነበር። መግባቢያቸው በዕለት ኑሮ ማንም የማይናገረው ግዕዝ መሆኑ ነገሩን እንግዳ ያደርገዋል። በዚያ ግንብ ውስጥ ጠያቂው መስፍን፣ መምህሩ ኢትዮጵያዊ ነበሩ፤ አውሮፓ ስለ ኢትዮጵያ ጥናት መነሻ ሲያነሣ ሉዶልፍን ማስቀደሙ ይህን ይሸፍነዋል።

ሉዶልፍ በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክና በ1698 ባወጣው የአማርኛ ሰዋስው ውስጥ የአባ ጎርጎርዮስ ቃል በየገጹ ይሰማል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የታሪኩ መጽሐፍ የግዛት ስሞችን ሲዘረዝር ከምባታንና ጉራጌን ይጠራል።

አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ። መስፍኑ በ1663 ዮሐን ሚካኤል ቫንስሌብን ወደ ኢትዮጵያ ቢልክም መልእክተኛው ከግብፅ አልዘለቀም።

መስፍኑ ሲሞት ሰባት ወንዶች ልጆቹ ግዛቱን ተከፋፈሉት፤ የጎታው ዋና ሐረግ በ1825 ሲያከትም ግዛቱ ከሰባቱ የአንዱ ዘር ለሆነው ለኮበርግ ቤት ደረሰ። ከዚህ ቤት የተወለደው ኤርንስት ዳግማዊ በ1862 ምጽዋን አልፎ እስከ መንሳዕና ቦጎስ አገር ዘለቀ፤ ቀደምት አባቱ ኤርንስት ቀዳማዊ ጥያቄ ይዞ እንግዳ በተቀበለበት ፈንታ እሱ ጠመንጃ ይዞ አውሬ ለማደን መጣ፣ ለጉዞው መዝጋቢም የሥነ እንስሳት ሊቁን አልፍሬድ ብሬምን አስከተለ። በዚያው ዓመት ዐፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ የጻፉላት የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ የዚሁ መስፍን ወንድም የልዑል አልበርት መበለት ነበረች፤ ደብዳቤው መልስ ማጣቱም ወደ 1868ቱ የመቅደላ ዘመቻ ካደረሱት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ከመቅደላ የተወሰደው የቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ1879 ሞቶ በዊንድዘር ግንብ ተቀበረ። የእንግሊዝ ነገሥታት ቤት ከጀርመን ጋር በሚዋጋበት በ1917 ከአልበርት የወረሰውን የጎታን ስም ጥሎ በዚሁ ግንብ ስም ሲጠራ፣ ልዑሉ በዚያ ካረፈ 38 ዓመት ሆኖት ነበር።