ቲቢ ሲገባ ሳንባችን ውስጥ ጡሩንባ የሚነፋው ማነው?

ደባርቅም ዳባትም ብትሄዱ ሳል ሲጠና «ብርድ መቶት ነው» ይባላል። እኛም ይሄንኑ እየሰማን ነው ያደግነው። ብርድ ግን ቲቢ አያመጣም። የሚያመጣው ሮበርት ኮክ በ1882 (እ.ኤ.አ.) ያገኘው ባክቴሪያ ነው፤ የሚተላለፈውም በትንፋሽ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ ይሄን ባክቴሪያ አግኝቶታል፤ ከእነዚህ በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ግን ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ ናቸው። ታዲያ ሌላውን ማን ጠበቀው?

ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት የዕድር ጡሩንባ ይነፋ የለ? ሰውነታችንም የራሱ ጡሩንባ አለው። ሳይቶካይን ይባላሉ፤ ሴሎች እርስ በርስ መልእክት የሚላላኩባቸው ፕሮቲኖች ናቸው። ባክቴሪያው ሳንባ ሲደርስ ማክሮፋጅ የሚባለው ሴል ይውጠዋል። ችግሩ፣ የቲቢ ባክቴሪያ ተውጦም አይሞትም፤ እዛው ውስጥ ይራባል። ያኔ ማክሮፋጁ ኢንተርሉኪን 12 የሚባል መልእክት ይለቃል፣ ቲ ሴሎች ደግሞ ኢንተርፌሮን ጋማ ይዘው ይደርሱለታል። የዋጠውን ለመግደል አቅም የሚያገኘው ከዚህ በኋላ ነው። ኤች አይ ቪ ከቲቢ ጋር ሲገናኝ የሚከፋውም ለዚህ ነው፦ የሚያጠፋቸው ሲዲ4 ሴሎች እነዚሁ ጡሩንባ ነፊዎች ናቸውና።

ሌላው ቲኤንኤፍ ነው። ሴሎች ባክቴሪያውን ከበው አጥር ሲሠሩ አጥሩ እንዳይፈርስ የሚያደርገው እሱ ነው። ይሄ በግልጽ የታየው በ2001 ነው፤ ለመገጣጠሚያ ሕመም ቲኤንኤፍን የሚያግድ መድኃኒት የወሰዱ ሰዎች ላይ ተኝቶ የነበረ ቲቢ ሲነሳባቸው ሐኪሞች ሪፖርት አደረጉ። ግን ይሄው ፕሮቲን ሲበዛ ትኩሳቱንም፣ የሌሊት ላቡንም፣ መክሳቱንም ያመጣል። ድሮ እንዲያውም ካኬክቲን ይሉት ነበር፣ «አክሳዩ» እንደማለት። በሽተኛው የሚያልቀው በባክቴሪያው ብቻ ሳይሆን በራሱ መከላከያም ነው ማለት ነው።

የማገዶና የኩበት ጭስ ደግሞ ማክሮፋጁን ያዳክማል። በብርዱ ምክንያት በር ዘግቶ እሳት የሚያነድ የደጋ ቤተሰብ ይሄን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ሕፃናት እንደተወለዱ የሚወጉት ቢሲጂ ቲ ሴሎችን ቀድሞ ያለማምዳል። ሕፃናትን ከከባድ የቲቢ ዓይነቶች በደንብ ይጠብቃል፤ የአዋቂ ሳንባ ላይ ግን አቅሙ ደከም ያለ ነው።

ሳል ሁለት ሳምንት ከሞላው ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ አክታ አስመርመሩ። በመንግሥት ጤና ተቋም ሕክምናው በነፃ ነው፤ የተለመደው 6 ወር ይፈጃል። አንዳንድ ሰው ግን ሻል ሲለው ያቋርጠዋል፤ ባክቴሪያው ሲቀንስ የቲኤንኤፍ ጩኸት ይበርዳል፣ ትኩሳቱ ይጠፋል፣ ምግብም ይበላል። «ዳንኩ» ብሎ ክኒኑን ይተዋል። የተረፉት ባክቴሪያዎች ግን ገና እዛው ሳንባው ውስጥ ናቸው።