የኤ.ቢ.ኤስ ፍሬን የፈሳሽ ግፊትን የሚቆጣጠርበት መንገድ

በተለምዶ ኤ.ቢ.ኤስ በመባል የሚታወቀው የፍሬን ሥርዓት አሽከርካሪው በድንገት ፍሬን ሲይዝ ጎማዎች ፈጽመው እንዳይቆለፉ የፍሬን ዘይቱን ግፊት የሚቆጣጠር ነው። ዋነኛ ዓላማውም መኪናው እስኪቆም ድረስ ለመሪው እንዲታዘዝ ማስቻል ነው።

በመደበኛው ፍሬን አሽከርካሪው ፔዳሉን ሲረግጥ የሚፈጠረው ግፊት ከፍሬን ማስተር ተነስቶ በቀጫጭን ቱቦዎች ወደ እያንዳንዱ ጎማ ይደርሳል። በዚያም ፒስተኖችን በመግፋት የፍሬን ሸራው ዲስኩን እንዲጨብጥ ያደርጋል። ግፊቱ ጎማው መንገዱን ለመቆንጠጥ ካለው አቅም ሲበልጥ ግን ጎማው ይቆለፍና መንሸራተት ይጀምራል። የፊት ጎማዎች ከተቆለፉ መሪው ቢዞርም መኪናው ወደነበረበት አቅጣጫ መንሸራተቱን ይቀጥላል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ያህል የሚሄድ በመሆኑ ይህ ሁኔታ ለእግረኛውም ለተሳፋሪውም እጅግ አደገኛ ነው።

በአስፋልት ላይ ጎማ መንገዱን አጥብቆ የሚይዘው የሚሽከረከርበት ፍጥነት ከመኪናው ፍጥነት ከ10 እስከ 30 በመቶ ያህል ሲያንስ ነው። የኤ.ቢ.ኤስ ተግባር የጎማውን ፍጥነት በዚህ ወሰን ውስጥ ማቆየት ነው። ለዚህም በጎማዎቹ አጠገብ የተተከሉ ሰንሰሮች የእያንዳንዱን ጎማ ፍጥነት እየለኩ ለኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያው ያስተላልፋሉ። አንድ ጎማ ከሌሎቹ ተለይቶ ወይም ከተገቢው በላይ በድንገት ፍጥነቱ ከቀነሰ መቆጣጠሪያው ጎማው ሊቆለፍ መቃረቡን ይረዳል።

ግፊቱ የሚስተካከለው በሁለት ዓይነት የኤሌክትሪክ ቫልቮች አማካይነት ነው። የማስገቢያው ቫልቭ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ክፍት፣ የማስወጫው ደግሞ ዝግ ነው። አሠራሩም ሦስት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያ ማስገቢያው ተዘግቶ አሽከርካሪው ፔዳሉን አጥብቆ ቢረግጥም የጎማው ግፊት ባለበት እንዲቆይ ይደረጋል። ጎማው አሁንም ወደ መቆለፍ ካመራ ማስወጫው ተከፍቶ የተወሰነ ዘይት ወደ አነስተኛ ማጠራቀሚያ ስለሚወጣ ግፊቱ ይቀንሳል። ጎማው ፍጥነቱን ሲያገኝ ማስወጫው ተዘግቶ ማስገቢያው ይከፈትና ግፊቱ እንደገና ይጨምራል። ይህ ዑደት በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል።

የወጣውን ዘይት ወደ ፍሬን ማስተር የሚመልሰው ፓምፕ ነው። በዚህ ሳቢያ ፔዳሉ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅም ይሰማል። ይህ ሥርዓቱ በሥራ ላይ መሆኑን የሚያመለክት እንጂ ብልሽት አይደለም። አሽከርካሪው እግሩን ማንሳት ወይም ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ ሳይኖርበት፣ አጥብቆ እንደረገጠ መሪውን ወደሚፈለገው አቅጣጫ ማዞር ይኖርበታል።

የመንሸራተት መከላከያ ፍሬን ቀደም ሲል በአውሮፕላኖች ላይ ያገለግል ነበር። እ.ኤ.አ በ1966 ሜካኒካል ዓይነቱ ጄንሰን ኤፍ.ኤፍ በተባለው የብሪታንያ መኪና ላይ ተገጠመ። እ.ኤ.አ በ1978 ደግሞ የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ ያመረተው ኤሌክትሮኒክ ኤ.ቢ.ኤስ በመርሴዲስ ቤንዝ ኤስ ክላስ መኪና ላይ ለገበያ ቀረበ።

ሥርዓቱ የራሱ ውስንነቶች አሉት። በኮረኮንችና በልል አፈር ላይ የተቆለፈ ጎማ ከፊቱ ጠጠርና አፈር እየከመረ መኪናውን ሊያቆም ስለሚችል፣ ኤ.ቢ.ኤስ ያለው መኪና በእንዲህ ያለው መንገድ ለመቆም ረዘም ያለ ርቀት ሊፈልግ ይችላል። በኢትዮጵያም ከአስፋልት ወጥተው በገጠር መንገዶች ለመስክ ሥራ የሚሰማሩ አሽከርካሪዎች ፍጥነታቸውን አስቀድመው መቀነስና ርቀታቸውን መጠበቅ የሚኖርባቸው በዚሁ ምክንያት ነው።

የኤ.ቢ.ኤስ መብራት በዳሽቦርዱ ላይ በርቶ ከቀረ መከላከያው ከሥራ ውጪ መሆኑን ያመለክታል። በዚህ ጊዜ ቫልቮቹ ወደ መደበኛ ሁኔታቸው ስለሚመለሱ ተራው ፍሬን ብዙውን ጊዜ መሥራቱን ይቀጥላል፤ ጎማዎቹ ግን ሊቆለፉ ይችላሉ። ቀዩ የፍሬን መብራት አብሮ ከበራ ጉዞውን በጥንቃቄ ማቆም ተገቢ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብና የመፍያ ነጥቡ ስለሚቀንስም አምራቹ በወሰነው ጊዜ መለወጥ ይኖርበታል። ተሽከርካሪ የሚያሰማሩ ኃላፊዎች መብራቱ በርቶ የቀረን መኪና ለጉዞ ከመላካቸው በፊት ማስፈተሻቸው የአሽከርካሪውንም የመንገደኛውንም ሕይወት ከአደጋ ለመጠበቅ ይረዳል።