በፖስታ የመጣ አዞ

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1935 በኒውዮርክ፣ ምሥራቅ ሃርለም፣ ጎረምሶች የተከመረውን በረዶ እየዛቁ ማንሆል ውስጥ ሲጨምሩ ከታች የሚንፈራገጥ ነገር አዩ። አዞ ነው። የልብስ ማስጫ ገመድ አምጥተው አንገቱ ላይ አጥልቀው ጎትተው አወጡት። አንደኛው ገመዱን ሊያላላለት ሲጠጋ ግን አዞው አፉን ከፍቶ ሰነዘረበት፤ ርኅራኄው እዚያ ላይ አበቃ፤ በያዙት አካፋ ቀጥቅጠው ገደሉት። በማግስቱ ኒውዮርክ ታይምስ 57 ኪሎ ገደማ ይመዝን እንደነበር ዘገበ። ከደቡብ ከመጣ መርከብ ወድቆ በሃርለም ወንዝ የገባ ሳይሆን አይቀርም ተባለ።

ይሆናል። ግን አሊጌተር የሚባለው ይህ የአዞ ዓይነት ወደ ሰሜን ለመምጣት መርከብ መሳፈር አያስፈልገውም ነበር። በዚያ ዘመን ፍሎሪዳ ለሽርሽር የወረደ ሰው ግልገሉን ለማስታወሻ ገዝቶ ይመለሳል፤ ያልሄደውም የመጽሔት ማስታወቂያ አይቶ ያዝዛል፣ ፖስታ ቤት ያደርስለታል። ዛሬም የአሜሪካ ፖስታ ደንብ ቁመቱ ከግማሽ ሜትር ገደማ ያልበለጠ ግልገል እንዲላክ ይፈቅዳል። ችግሩ ግልገሉ በዓመት 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ማደጉ ነው፤ የመታጠቢያ ገንዳው ብዙም ሳይቆይ ይጠበዋል፤ ባለቤቱም መጣያ መፈለግ ይጀምራል።

የኒውዮርክ የፍሳሽ ቦዮች ኃላፊ እንደነበሩ የተነገረላቸው ቴዲ ሜይ ከመሬት በታች አዞዎች አይተው እንዳስጠፉ መናገራቸው በ1959 በታተመ የሮበርት ዴሊ መጽሐፍ ላይ ሰፈረ። ወሬው ከዚያ ወዲህ ክንፍ አወጣ፤ ጨለማ ውስጥ ነጭ የሆኑ፣ ዓይናቸው የጠፋ አዞዎች እስከ መባል ደረሰ። ሙቀቱ ከ21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ ምግብ የሚያቆም እንስሳ የኒውዮርክን ክረምት እንዴት እንደሚያልፈው የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ዛሬ እውነተኞቹ የሚገኙት ከመሬት በላይ፣ መናፈሻ ውስጥ ነው። በ2023 ብሩክሊን ከሚገኘው የፕሮስፔክት ፓርክ ሐይቅ በብርድ የደነዘዘ አሊጌተር ወጣ፤ ሆዱ ውስጥ የመታጠቢያ ገንዳ መድፈኛ ተገኘ። ከሁለት ወር በኋላ ሞተ።

የሺካጎው ዕድለኛ ነበር። በ2019 ሃምቦልት ፓርክ ኩሬ ውስጥ ሲታይ ሕዝቡ ሊያየው ጎረፈ፣ ምስሉ ያለበት ቲሸርት ተቸበቸበ። የአገሬው ሰው ሊይዘው ስላልቻለ ፍራንክ ሮብ የተባለ አዳኝ ከፍሎሪዳ ተጠርቶ ያዘው፤ ለዚህም የቤዝቦል ግጥሚያ መክፈቻ ኳስ የመወርወር ክብር አገኘ። አሊጌተሩም ከ1893 ጀምሮ ጎብኚ ወደሚቀበለው የሴንት ኦገስቲን አዞ ማርቢያ፣ ፍሎሪዳ ተላከ።