ማን ከየት ይነሳል?

በ2002 ዓ.ም. ገደማ ጅጅጋ ውስጥ ልጅ ከነበራችሁ ጌም ቤቱን አትረሱትም። ጠባብ ክፍል፣ በገመድ የተያያዙ አሮጌ ኮምፒውተሮች፣ ክፍያው በሰዓት። ኢንተርኔት የለም፤ አያስፈልግምም። ካውንተር ስትራይክ 1.6 በፍላሽ ተገልብጦ ይመጣል፤ እኛም ደስት 2 ላይ እስኪመሽ እንታኮሳለን።

ያንን ማፕ የወደድነው ያለ ምክንያት አልነበረም። ቢጫ ግድግዳ፣ አቧራ፣ ቅስት በር፣ ጠራራ ፀሐይ። ጓደኛዬ «ይሄማ ቶጎ ውጫሌ ነው!» ይል ነበር። እኔ ደግሞ የሐረር ጀጎል ይመስለኛል። የሠራው ሰው በሆነ ጊዜ በእኛ በኩል ሳያልፍ አልቀረም ብለን ደምድመን ነበር።

እውነቱን ያወቅኩት ኢንጂነሪንግ ልማር ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ደስት እ.ኤ.አ. በ1999 የሠራው ዴቭ ጆንስተን የሚባል፣ ያኔ ገና ታዳጊ የነበረ እንግሊዛዊ ነው። ደስት 2ን በ2001 አስከተለ። በረሃውን ያገኘው ግን ከበረሃ አይደለም። ገና ገበያ ላይ ካልዋለ ሌላ ጌም፣ ከቲም ፎርትረስ 2 ፎቶዎች ነው የተነሳው፤ ራሱ ነው የተናገረው። የእኛ የመሰለን አገር የስክሪን ፎቶ ቅጂ ነበር በቃ።

አልተናደድኩም። የገረመኝ ሌላ ነገር ነው፦ ለካ ማፕ ማንም ልጅ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊሠራው ይችላል!

ይህን በር የከፈተው ዱም ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣውን ቮልፈንስታይን 3ዲ ተጫዋቾች ፋይሉን እየበረበሩ ክፍሎቹን ይቀይሩ ነበር። የኢድ ሶፍትዌሩ ፕሮግራመር ጆን ካርማክ ቀጣዩን ጌም ሲጽፍ በሩን አልቆለፈባቸውም፤ ይልቁንም ከፈተላቸው። ሞተሩን ለብቻው አድርጎ ግድግዳውን፣ ጭራቁንና ድምፁን «ዋድ» በተባለ ፋይል ለየው። ዱም በታኅሣሥ 10 ቀን 1993 ወጣ፤ በ1994 መጀመሪያ በጎ ፈቃደኞች የማፕ መሥሪያ ፕሮግራም ጽፈው በነፃ አደሉ። በ1998 ሃፍ ላይፍ መጣ። ሚን ሊ እና ጄስ ክሊፍ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች በእሱ ላይ ተንተርሰው በ1999 ካውንተርን ሠሩ፤ ቫልቭ የገዛቸው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ በሰዓት እየከፈልን የተጫወትነው ጌም ራሱ የተጫዋቾች ሥራ ነበር ማለት ነው።

በ2009 ክረምት ለእረፍት ጅጅጋ ስመለስ ሰፈሬን ልሠራ ተነሳሁ። አሠራሩ ከግንበኝነት ብዙም አይርቅም፤ ብሎክ በብሎክ ነው የሚደረደረው። የሰው ቁመት 72 ዩኒት፣ ስፋቱ 32 ነው፤ በርና አጥር በዚያ ይለካል። ዓለሙ ዙሪያውን መዘጋት አለበት። አንድ ቀዳዳ ከቀረች ፕሮግራሙ «ሊክ አለ» ብሎ ይቆማል፤ ከውስጥ ተነስቶ እስከ ቀዳዳዋ የሚሄድ ቀይ መስመር ያሳያችኋል። ከዚያ የብርሃኑ ስሌት አለ። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል። ባትሪው ሞቷል፤ ሁለቴ መብራት ሄዶብኝ ከዜሮ ጀመርኩ። ሰማዩ ደግሞ ዓለሙን እንደ ሳጥን የሚያለብሱ ስድስት ፎቶዎች ነው። በምዕራቡ በኩል ካራማራን በስልኬ አንስቼ ለጠፍኩበት። አገሩ ሁሉ በ1970ው ጦርነት የሚያውቀው ተራራ ለእኛ ፀሐይ የምትጠልቅበት ነው።

ሁሉም ካለቀ በኋላ የመነሻ ነጥብ ማስቀመጥ ቀረ። ጌሙ ሁለት ወገን ብቻ ነው የሚያውቀው። የእኛ ቤትና የጓደኛዬ ቤት ፊት ለፊት ናቸው፤ እኛ ቤት አማርኛ፣ እነሱ ቤት ሶማሊኛ ይነገራል። ጓደኛዬ ስክሪኑን አየት አድርጎ «እሺ፣ ቴረሪስቱ ከማን በር ነው የሚነሳው?» አለኝ። ሳቅን። ሁለቱንም ወደ መንገዱ ጫፎች ገፋኋቸው፤ አንድ ቀን ተጫወትንበት።

በዓመቱ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2010፣ ጅጅጋ ተቃጠለች። ሰው ተገደለ፣ ቤተ ክርስቲያን ነደደ፣ ሱቅ ተዘረፈ። እኔ ካምፓስ ነበርኩ፤ የቤተሰቦቼን ድምፅ እስክሰማ ቀናት አለፉ። ለካ እነሱ መንገዱን ተሻግረው፣ ኤዶ ብዬ የምጠራቸው የጓደኛዬ እናት ግቢ ውስጥ ነው የሰነበቱት።

ቀደም ሲል አንድ ታሪክ አንብቤ ስቄበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ቴክሳስ ውስጥ አንድ ተማሪ የገዛ ትምህርት ቤቱን የካውንተር ማፕ በማድረጉ ከዚያ አስወጥተው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት አዛወሩት። «ማፕ ምን ያደርጋል?» ብዬ ነበር። አሁንም ልጁ ጥፋተኛ ነው አልልም። ማፕ ሰው አይገድልም። ግን ከዚያ ሐምሌ በኋላ ያንን ፋይል መክፈት አቃተኝ፤ እያንዳንዱን ጥግ መደበቂያ ይሆናል ብዬ ለክቼው ነበራ።

ዘንድሮ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ሳጸዳ አገኘሁት። የሁለቱንም ወገን መነሻዎች አጠፋሁ፤ መሣሪያ የሚገዛበትን ቦታም አነሳሁ። አንድ መነሻ ብቻ ተውኩ፤ ኤዶ በር ላይ። አሁን ዝም ብሎ መራመድ ብቻ ነው የሚቻለው። ለጓደኛዬ ላክሁለት።

በማግስቱ መለሰልኝ፦ «ሱቁን ተሳስተሃል። በሩ ወደ መንገዱ እንጂ ወደ እናንተ አጥር አይዞርም።»

ልክ ነው። ማታ አስተካክለዋለሁ።